የካምቢዮ ዘይት ልቀይር ወይስ አልንካው?

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚገናኙት፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሄደ አውቶማቲክ መኪና እና የካምቢዮው ዘይት። ስለዚ ዛሬ ዓምዱን ሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ። ያገለገለ አውቶማቲክ መኪና ከገዛሁ አራት ወር ሆነኝ፣ ቆጣሪው 235 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል። የድሮ ባለቤቱን የካምቢዮ ዘይት መቼ ነው የቀየርከው ስለው "እኔ ነክቼው አላውቅም" ነው ያለኝ። ማርሽ ሲቀይር ምንም አይልም፣ አይመታም፣ አይንሸራተትም። ዘይቱ ግን መለኪያውን ስቤ ሳየው ቀይ መሆኑ ቀርቶ ቡናማ ሆኗል። አንዱ መካኒክ "ዛሬ ነገ ሳትል ቀይረው" አለኝ፣ ሌላኛው ደግሞ "እንዳትነካው፣ የድሮውን ዘይት ያወጣህለት ቀን ካምቢዮው አለቀለት፣ እስኪሞት ንዳው" አለኝ። ሁለቱም ስራውን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የማንን ልስማ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቀይረው። ግን እንዲሁ ቀይረው ብዬ ብቻ ብተውህ ያስፈራህን ነገር አልመለስኩልህም፣ ስለዚ ትንሽ ታገሰኝ።

"እንዳትነካው" የሚለው ምክር ከባዶ የመጣ አይደለም። ሰው ካምቢዮው ዝም ብሎ እየሰራለት እያለ ዘይቱ ትዝ አይለውም፣ ትዝ የሚለው መቼ ነው፣ ዲ ውስጥ አስገብቶ መኪናው ሁለት ሦስት ሰከንድ ቆይቶ ዱብ ብሎ ሲነሳ፣ ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው አልሄድ ሲል፣ ያኔ ነው ጋራዥ ሮጦ "ዘይቱን ቀይሩልኝ" የሚለው። ካምቢዮው ውስጥ ያሉት፣ እየተጫኑ ማርሹን የሚይዙት የፍሪሲዮን ዲስኮች ግን በዛን ሰዓት ተበልተው አልቀዋል፣ አዲስ ዘይት ደግሞ የተበላ ዲስክ አያበቅልም። በሳምንቱ ካምቢዮው ጭራሽ ይቆማል፣ ከዛ ሰውየውም መካኒኩም "ዘይቱ ገደለው" ይላሉ። በጠና የታመመ ሰው ሐኪም ቤት በገባ በሳምንቱ ቢሞት፣ የገደለው ሐኪም ቤት መግባቱ ነው እንደማለት እኮ ነው።

ሌላም የሚባል ነገር አለ፣ አሮጌው ዘይት ውስጥ የተንሳፈፈው የዲስክ ብናኝ ነው ዲስኩን እንዲይዝ የሚያግዘው፣ ብናኙን ስታወጣበት መንሸራተት ይጀምራል የሚል። እሺ እንበል። በራሱ ብናኝ ብቻ እየያዘ ያለ ዲስክ ግን ዘይቱን ብትቀይርም ባትቀይርም ቀኑ ደርሷል። ያንተ እንደዛ እንዳልሆነ ራስህ ነግረኸኛል።

ቢሆንም አጣራ። ጠዋት መኪናው ሙሉ ለሙሉ በርዶ እያለ አስነሳው፣ ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳ የሚጮኸው ጩኸት ይብረድለት፣ ፍሬን ረግጠህ ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ አስገባ። ማርሹ በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ገብቶ መኪናው ለመሄድ ሲገፋ ሊሰማህ ይገባል። ከዛ ሲሞቅ ዳገት ላይ ውሰደውና የዙር ቆጣሪውን እይ፣ ፍጥነቱ ሳይጨምር ዙሩ ብቻውን ሽቅብ የሚወጣ ከሆነ ዲስኩ እየተንሸራተተ ነው። በኮምፒውተር ደግሞ አስነብበው፣ የዳሽቦርድ መብራት ሳይበራ የተቀመጠ የብልሽት ኮድ ሊኖር ይችላል። አንድ ጠብታ ዘይት ነጭ ወረቀት ላይ አንጠብጥብና ጥቂት ቆይተህ ተመልከት፣ ቡናማ ሆኖ ዙሪያውን ሰፋ ብሎ ከተንሰራፋ ያረጀ ዘይት ነው በቃ፣ መሀሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ተጠራቅሞ ከቀረና የተቃጠለ ሽታ ካለው ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ እሱ ዘይት ከመቀየር በፊት መመርመር ያለበት ካምቢዮ ነው። ቀለም ብቻውን ግን አያስደንግጥህ፣ አንዳንድ ዘይት ገና በጊዜ ይጠቁራል። ቀዩ ቀለምም ቢሆን የተጨመረው ከሞተር ዘይት እንዲለይ፣ ሲያፈስም የየትኛው እንደሆነ እንዲታወቅ ነው፣ የጥራት ምልክት አይደለም።

አሁን ለምን ቀይር እንደምልህ። የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ማለስለስ ብቻ አይደለም ስራው። ቫልቭ ቦዲ በሚባለው፣ ግፊቱን በሚያከፋፍለው ክፍል ውስጥ በቀጫጭን መንገድ እየተገፋ ዲስኮቹን የሚጫነው እሱ ነው፣ ሙቀት ተሸክሞ ራዲያተር ጋር የሚያደርሰው እሱ ነው፣ ዲስኩ ሲይዝ በልኩ ሸርተት ብሎ ሳይመታ እንዲይዝ የሚያደርገው ቅመምም ያለው እሱ ውስጥ ነው። ይሄ ቅመም ያልቃል። ሲያልቅ ብዙ ጊዜ የምታየው ምልክት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ነዳጁን ለስለስ አድርገህ ይዘህ ስትሄድ መኪናው ኮረኮንች ላይ እንደወጣ ርርርር ብሎ መንቀጥቀጡ ነው፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ ያለው ክላች ሲቆልፍ የሚያመጣው ነው፣ እና ይሄ እንኳን ብዙ ጊዜ በአዲስ ዘይት ይድናል። ትልቁ ጠላት ግን ሙቀት ነው። ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲሰራ ደህና ይቆያል፣ ከዛ በላይ በያንዳንዱ 10 ዲግሪ ጭማሪ እድሜው በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በትራፊክ መጨናነቅ ቆም ሄድ ሲል የሚውል፣ ጭነት የሚጎትት፣ ዳገት የሚበዛበት መኪና ለዚ ነው ዘይቱን ቶሎ የሚበላው። የተቃጠለ ዘይት ቫልቮቹ ላይ እንደ ቫርኒሽ ይለጠፋል፣ ጎማ ሲሎቹም በሙቀቱ ይደርቃሉ፣ ከዛ ግፊቱ ይወርዳል፣ ግፊት ሲወርድ ዲስክ ይንሸራተታል፣ ሲንሸራተት ደግሞ የበለጠ ይሞቃል። እንዲ እያለ ነው የሚሄደው።

እንዴት ይቀየር? እዚ ላይ ነው አጥብቄ የምለምንህ። ታሪኩ በማይታወቅ 235 ሺህ በሄደ ካምቢዮ ላይ በማሽን በግፊት አጥቦ ማስወጣት አልወድም፣ ለዓመታት ጥግ ጥግ ይዞ የተቀመጠውን ደለል አንዴ ቀስቅሶ ቀጭን መንገድ ውስጥ ሊወትፈው ይችላል። በስበቱ ብቻ ይውረድ። ከስር ያለውን ታፖ፣ የማፍሰሻውን ክዳን ማለቴ ነው፣ ስትፈታ የሚወርደው ሁሉም አይደለም፣ ብዙው ቶርክ ኮንቨርተሩና መስመሮቹ ውስጥ ይቀራል። ለምሳሌ በጠቅላላው 8 ሊትር የሚይዝ ካምቢዮ 3.2 ሊትር ቢያወርድ 40 በመቶ ነው። ያንኑ ያህል አዲስ ትሞላለህ፣ አንድ ሁለት ሳምንት ትነዳዋለህ፣ ትደግመዋለህ፣ 64 በመቶ አዲስ ሆነ፣ ሦስተኛ ስትደግም 78 በመቶ ገደማ ትደርሳለህ። አዲሱ ዘይት አሮጌውን ቆሻሻ ቀስ እያለ እያነሳ ይወጣል፣ ካምቢዮውም አይደነግጥም። ቸኩለህ በአንድ ቀን ሦስቴ አታድርገው፣ በመሀል መነዳት አለበት።

ከሦስቱ ቅያሬ በአንዱ ኮፓው፣ ዘይቱን ከስር የሚይዘው ሳህን፣ ይውረድ። ብዙ ካምቢዮዎች ኮፓው ውስጥ ማግኔት አላቸው፣ ሲወርድ አጠገቡ ቆመህ በዓይንህ እይ፣ እኔ ሁሌ በጣቴ ነው የማየው። ማግኔቱ ላይ የተለጠፈው ግራጫ ነገር በጣትህ ስታሸው እንደ ኩል የላመ፣ ምንም የማይቆረቁር ከሆነ እሰየው፣ በ235 ሺህ ኪሎ ሜትር ያለ ነው፣ ጠርገህ መልሰው። እንደ መርፌ ስባሪ የሚወጋ ብረት፣ ወይ ማግኔት የማይስበው ወርቅማ ብልጭልጭታ ካገኘህ ግን የሆነ ቡሽ ወይ ቤሪንግ እየተበላ ነው። ጥቁር ቅርፊት መሳይ ከሆነ ደግሞ ዲስኩ እየተላጠ ነው። ፊልትሮው የጨርቅ ከሆነ ይቀየር፣ የብረት ወንፊት ከሆነ ታጥቦ ይመለሳል። ጋስኬቱ አዲስ ይሁን። የኮፓው ቡሎኖች ትናንሽ ናቸው፣ ብዙዎቹ ከ7 እስከ 12 ኒውተን ሜትር የሆነ ትንሽ የማጥበቂያ ኃይል ብቻ ነው የሚፈልጉት፣ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ወይ ኮፓውን ያጣምመዋል ወይ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል፣ ከዛ እድሜ ልክ ሲያንጠባጥብ ይኖራል። በመስቀለኛ፣ ቀስ በቀስ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ ይጠበቅ።

የወረደውን ዘይት ለካው! ይሄን ሰው ለምን እንደሚንቀው አላውቅም። ንጹህ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ እየገለበጥክ ስንት ሊትር እንደወረደ ጻፍ፣ ያንኑ ልክ ሙላ፣ ከዛ ነው ልኩን በመለኪያው ማስተካከል። አሮጌው ሲወርድም በጣም የጋለ አይሁን፣ 90 ዲግሪ ዘይት እጅ ላይ ሲፈስ ሥጋ ያወጣል፣ ለብ ሲል ይበቃል። መኪናው ስር ስትገባም በክሪክ ብቻ አትመነው፣ ማቆሚያ ይደረግበት።

አንድ ነገር ደግሞ ከራሴ። የመጀመሪያዋ አውቶማቲክ መኪናዬ መለኪያ ዘንግ የሌላት፣ በጎን ባለ ታፖ የምትሞላ ነበረች። የታችኛውን ታፖ ፈታሁ፣ ዘይቱ ወረደ፣ ከዛ የመሙያውን ልፈታ ስል ዝጎ ተጣብቋል፣ ታገልኩት፣ ጭንቅላቱ ተበላ። ዘይት የሌላት መኪና ደግሞ አትነዳም፣ ሁለት ቀን ሙሉ ተሰቅላ ቆየች፣ በብየዳ ነት ተለጥፎበት ነው የተፈታው። ከዛ ቀን ወዲህ ለማንም የምለው ይሄን ነው፣ መጀመሪያ የመሙያውን ታፖ ፍታ፣ እሱ እንደሚፈታ ሳታረጋግጥ የታችኛውን እንዳትነካ።

የታችኛውም ቢሆን የካምቢዮው መሆኑን አረጋግጥ። የሞተር ዘይት ልቀይር ብሎ የካምቢዮውን አውርዶ፣ ሞተሩ ላይ ደግሞ እጥፍ ሞልቶ የሰጠ መካኒክ በዓይኔ አይቻለሁ። የሚወርደውን ቀለም ማየት ሁለት ሰከንድ ነው።

የትኛው ዘይት ለሚለው ደግሞ፣ የመኪናው መመሪያ ላይ ወይ መለኪያው ዘንግ ላይ የተጻፈው፣ ሌላ የለም። ቶዮታ ቲ ፎር እና ደብሊው ኤስ ሁለቱም የቶዮታ የካምቢዮ ዘይቶች ናቸው፣ ደብሊው ኤስ ግን ቀጠን ያለ ነው፣ አንዱ በአንዱ ቦታ አይገባም። ዴክስሮን የሚባለው ደግሞ የጂኤም፣ የአሜሪካው ጀነራል ሞተርስ፣ ዘይት ነው፣ ዴክስሮን 6 ዴክስሮን 3 በሚጠይቁ የጂኤም ካምቢዮዎች ላይ ይገባል፣ በግልባጩ ግን አይሆንም። "ለሁሉም ይሆናል" የሚል ጀሪካን ሳይ እኔ እጄ አይዘረጋም፣ አሮጌ ካምቢዮ ላይ ደግሞ በፍጹም። የዲስኩ አያያዝ በዘይቱ ቅመም ነው የተሰላው። ቅመሙ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ፣ በፈረንጆቹ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ዴክስሮን ውስጥ ለዚሁ ስራ የሚገባው ከዓሣ ነባሪ የሚወጣ ዘይት ነበር፣ እሱ ሲከለከል ፋብሪካዎቹ ምትክ እስኪያገኙ ተቸግረዋል።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንተ ይሁን። 190 ሺህ ኪሎ ሜትር የሄደች መኪና አለችኝ፣ የካምቢዮ ዘይት ካስቀየርኩ አስር ቀን ሆነኝ፣ በፊት ምንም ያልነበረባት አሁን ኩርባ ስዞር ወይ ዳገት ላይ ስቆም አንዳንዴ ማርሹ ይለቅቃታል፣ ከዛ ድንገት ይይዛል። ጋራዡ "ትለምደዋለች፣ ታገሺ" አለኝ። አበላሹብኝ እንዴ? ልቅሶ ልቀመጥ ነው።

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ አታልቅሺ፣ አትታገሺም ግን። ኩርባና ዳገት ላይ ብቻ የሚመጣ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ዘይቱ ጎድሏል ብዬ ነው። መኪናው ሲያዘነብል ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፣ የፖምፓው መሳቢያ አየር ይስባል፣ አየር ደግሞ ዲስክ አይጫንም። ግማሽ ሊትር ጉድለት ለዚ ይበቃል። ከመጠን በላይ መሙላትም ያው ነው፣ የሚሽከረከረው ክፍል ዘይቱን እንደ እርጎ ይንጠዋል፣ አረፋ ይሆናል፣ አረፋም አየር ነው።

ዛሬውኑ ለኪው። መለኪያ ዘንግ ካላት አስራ አምስት ሃያ ደቂቃ ንጃት፣ ሜዳ ቦታ አቁሚ፣ ፍሬን ረግጠሽ ማርሹን በሁሉም ቦታ አዙረሽ ፒ ላይ መልሺው፣ ሞተሩ እየሰራ ዘንጉን ስበሽ ጥረጊና እንደገና አስገብተሽ እዪ፣ ሙቅ የሚለው ምልክት መሀል ላይ መሆን አለበት። ሆንዳ ከሆነች ይለያል፣ ሲሞቅ ሞተሩን አጥፍተሽ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚታየው። ብዙ ሰው እዚ ጋ ይሳሳታል፣ ሆንዳን እንደ ቶዮታ ይለካና ልኩን ያዛባል።

ልኩ ትክክል ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ ሁለተኛው ጥያቄ ምን ዘይት ነው የተሞላው ነው። ባዶውን ጀሪካን አሳዩኝ በያቸው፣ ያፈርሽ እንዳይመስልሽ፣ መብትሽ ነው። ስሙ መመሪያሽ ላይ ካለው ካልገጠመ ትክክለኛው ተገዝቶ በተደጋጋሚ እየወረደ ይሞላ። ሦስተኛ፣ ፊልትሮ ተቀይሮ ከሆነ የፊልትሮው ኦሪንግ፣ የጎማ ቀለበቱ፣ በደንብ ካልተቀመጠ ከዛም አየር ይስባል፣ ኮፓው ወርዶ መታየት አለበት።

"ትለምደዋለች" ያሉሽ ሙሉ ለሙሉ ውሸት አይደለም፣ አንዳንድ መኪና ኮምፒውተሩ የድሮውን አያያዝ ለምዶ ስለሚቆይ ከዘይት ቅያሬ በኋላ ጥቂት ቀን ማርሽ ሲቀይር ጠንከር ለስለስ ይላል፣ በስካነርም ዳግም እንዲማር ይደረጋል። ማርሽ መልቀቅ ግን መልመድ አይደለም። እየለቀቀ በነዳሽው ቁጥር ዲስክ ነው የምትበዪው፣ ለመለካት ከምታሞቂያት በቀር እስኪለካ ድረስ አትንጃት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ልጄ። የኔ መኪና የካምቢዮ ዘይት መለኪያ የላትም፣ ስትሸጥልኝም ዘይቷ የዕድሜ ልክ ነው ተብዬ ነው። 160 ሺህ ገብታለች። እውነት ዕድሜ ልክ ነው?

መልስ፦ አባቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። የማን ዕድሜ እንደሆነ ነው መጠየቅ ያለበት። ለብዙ የአውሮፓ መኪናዎች ካምቢዮ የሚሰራው ዜድ ኤፍ የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ራሱ፣ መኪና ሻጩ ዕድሜ ልክ ነው በሚለው ካምቢዮ ላይ ከ80 ሺህ እስከ 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ፣ ግፋ ቢል በ8 ዓመት ይቀየር ይላል። ካምቢዮውን የሰራው ሰው እንዲ ካለ ለኔ ክርክሩ እዛ ጋ አለቀ። የእርስዎ የሌላ ፋብሪካም ብትሆን ዘይት ዘይት ነው፣ ሙቀት ያረጀዋል።

መለኪያ የላትም ማለት አይለካም ማለት አይደለም፣ ከስር ወይ ከጎን በሚከፈት ታፖ ነው የሚለካው። ሞተሩ እየሰራ፣ መኪናዋ አራቱም ጎማ እኩል ከፍ ብሎ ደልደል ባለች ሁኔታ፣ የካምቢዮው ዘይት ሙቀት በስካነር እየታየ፣ በብዙ መኪናዎች ከ35 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ጊዜ ታፖው ይከፈታል፣ ትርፉ ይፈሳል፣ ወደ ጠብታ ሲቀንስ ይዘጋል። የርስዎን ትክክለኛ ዲግሪ መመሪያው ላይ ይመልከቱ። ዘይት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ስለዚ በ70 ዲግሪ ከፍቶ ያስተካከለ ሰው ጎዶሎ ነው የሚሰጥዎ። ስካነር ሳያይዝ "በእጄ ነክቼ አውቀዋለሁ" የሚል ካጋጠመዎ ይመስገን ብለው መኪናዎን ይዘው ይውጡ። አሠራሩ ከላይ ለመጀመሪያው ጠያቂ፣ ለወጣቱ፣ እንደጻፍኩት ነው፣ ከዛ በኋላ በየ60 ሺህ ኪሎ ሜትሩ አንዴ ያውርዱላት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ሲቪቲ ነው፣ የተረፈ የካምቢዮ ዘይት አለኝ፣ ልጨምርበት?

መልስ፦ አይሆንም። ሲቪቲ ደረጃ ደረጃ ባለው ማርሽ ፈንታ በብረት ቀበቶ ወይ ሰንሰለት ነው የሚሰራው፣ ቀበቶው ፑሊው ላይ እንዳይንሸራተት የሚያደርግ የራሱ ዘይት አለው። አንዴ ከተንሸራተተ ፑሊው ይቧጠጣል፣ ያን ደግሞ የሚመልሰው ዘይት የለም።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የካምቢዮ ዘይቴን መለኪያ ሳወጣው እንጆሪ በወተት የተመታ ነው የሚመስለው፣ ሮዝ አረፋ። ዘይቱን ብቀይረው በቂ ነው? ራዲያተሩም ውሃ እየጎደለ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱ አንድ ችግር ናቸው። በብዙ መኪና የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዝበት ቱቦ ራዲያተሩ ሆድ ውስጥ ነው ያለው፣ እሱ ሲበሳ ውሃና ዘይት ይገናኛሉ። ውሃው የዲስኩን ሙጫ ይፈታዋል፣ ኪሎ ሜትር ሳይሆን ሰዓት ነው የሚቆጠረው። ዘይት ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም፣ ራዲያተሩ ይቀየር፣ ዘይቱ ካምቢዮውና መስመሩ ውስጥ ያለው በሙሉ ደጋግሞ ይውጣ፣ እዚ ጋ እንደ ወጣቱ ሳምንት እየጠበቁ አይደለም፣ በዛው ቀን ንጹህ እስኪወጣ ድረስ ነው። ብዙ ተነድታ ከሆነ ዲስኮቹም ተከፍተው መታየት አለባቸው። ለአሁኑ ቁልፉን አታዙሪው፣ ጋራዥም ቢሆን ተጭና ትሂድ እንጂ አትነጃት።